የአንድ ቀን የጀብዱ ውድድር በቡድን፦ ዓይነቱን፣ ርዝመቱንና አጋርን እንዴት እንምረጥ?

ለመጀመሪያ ጊዜ በጀብዱ ውድድር ለመሳተፍ ያሰቡ ጓደኛሞች ሲያማክሩኝ ጨዋታው የሚጀምረው ከብስክሌት ነው። የትኛው ጎማ ይሻላል፣ የትኛው ጫማ አያንሸራትትም፣ ካያክ የሚባለውን ጠባብ የመቅዘፊያ ጀልባ መግዛት ያስፈልጋል ወይስ መከራየት ይበቃል ይሉኛል። እኔ ግን ሌላ ጥያቄ አስቀድማለሁ፦ ስድስት ሰዓት ከተጓዛችሁ በኋላ ከመካከላችሁ ቀድሞ የሚደክመው ማን ነው? ያ ሰው ከውድድሩ የሚፈልገውስ ምንድን ነው?

ይህን የምጠይቀው ያለ ምክንያት አይደለም። በዚህ ስፖርት የቡድን አባላት ከመነሻ እስከ መድረሻ አብረው መጓዝ ግዴታቸው ነው። ፈጣኑ ሮጦ ቢቀድም የሚያተርፈው የለም፤ የቡድኑ ሰዓት የሚቆመው የመጨረሻው ሰው ሲገባ ነው። ስለዚህ የውድድሩን ዓይነትና ርዝመት፣ የአባላቱን ቁጥር፣ ካርታ ያዡን፣ የጫማውን ዓይነት ሳይቀር ስትመርጡ መመዘን ያለባችሁ በጠንካራው ሳይሆን በዕለቱ በጣም በሚቸገረው ሰው አቅም ነው።

ስፖርቱን ለማያውቅ ሰው ባጭሩ ላስረዳ። ቡድኑ በእግር፣ በተራራ ብስክሌትና አብዛኛውን ጊዜ በጀልባ ይጓዛል፤ አንዳንድ አዘጋጆች በገመድ ገደል መውረድን ወይም ዋናን ይጨምራሉ። በየትኛው መንገድ እንደሚኬድ የሚነግር የለም። ካርታ ይሰጣል፤ በካርታው ላይ የመቆጣጠሪያ ነጥቦች ተለይተው ይታወቃሉ፤ ቡድኑ በኮምፓስ እየታገዘ ፈልጎ ያገኛቸውና በመብሻ ወይም በኤሌክትሮኒክ ቺፕ መድረሱን ያስመዘግባል። በስልክም ሆነ በእጅ ሰዓት የሳተላይት አቅጣጫ ጠቋሚ መጠቀም በአብዛኞቹ ውድድሮች ክልክል ነው። ከእግር ወደ ብስክሌት፣ ከብስክሌት ወደ ጀልባ የሚለወጥበት ቦታ የመለወጫ ጣቢያ ነው።

ምልክት ያለው መንገድ ወይስ ካርታ

በማስታወቂያ ላይ ተመሳሳይ የሚመስሉ ሁለት የተለያዩ ውድድሮች አሉ። አንዱ መንገዱ አስቀድሞ የታወቀ፣ የተለያዩ ስፖርቶችን አከታትሎ የሚያስኬድ ነው። የዚህ ዝነኛ ምሳሌ የኒውዚላንድን ደቡብ ደሴት ከዳርቻ እስከ ዳርቻ የሚያቋርጠው ኮስት ቱ ኮስት ነው። ሮቢን ጃድኪንስ እ.ኤ.አ. በ1983 ሲጀምረው የሁለት ቀን ውድድር ነበር፤ በ1987 ደግሞ ያንኑ 243 ኪሎ ሜትር ገደማ በአንድ ቀን የሚጨርሱበት ምድብ ተጨመረበት። በእንዲህ ዓይነቱ ውድድር ዋናው ፈተና ጉልበትና የወንዝ ችሎታ ነው።

ሁለተኛው ቡድኑ መንገዱን ራሱ የሚፈልግበት ነው። መሠረቱም ፈረንሳዊው ጄራር ፉዚል እ.ኤ.አ. በ1989 እዚያው ኒውዚላንድ ውስጥ ባስጀመረው ሬድ ጎሎዋዝ ላይ የተጣለ ነው። የቡድኑ አባላት አምስት ሲሆኑ ቢያንስ አንዷ ሴት መሆን ነበረባት፤ ቡድኑም ሳይጎድል መድረስ ነበረበት። ያ ውድድር ብዙ ቀናት የሚፈጅ ነበር፤ የዛሬዎቹ የአንድ ቀን ውድድሮች አብሮ የመጓዝን ሕግ የወረሱት ከዚያ ዓይነቱ ጉዞ ነው።

ሁላችሁም ሯጮች ወይም ብስክሌተኞች ከሆናችሁና ካርታ የሚያነብ ከሌላችሁ የመጀመሪያው ዓይነት ቀላል ይመስላል። እኔ ግን አጭር ቢሆንም የካርታውን እንድትመርጡ እመክራለሁ። ምልክት ባለው መንገድ ላይ ደካማው አባል ከኋላ የሚጎተት ሰው ብቻ ሆኖ ይቀራል። ካርታ ሲኖር ግን በእግሩ የዘገየው ሰው በዓይኑ ቡድኑን ሊያድን ይችላል፤ ሌሎቹ አንገታቸውን ደፍተው ሲሮጡ ወንዙ ወደ ግራ መታጠፉን የሚያየው እሱ ነው።

ተራ በተራ ወይስ ነጥብ ለቀማ

ለጀማሪ ቡድን ከሁሉም በላይ ለውጥ የሚያመጣው ይህ ምርጫ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ላየው።

በተራ በተራው ዓይነት ሁሉም ቡድን ነጥቦቹን በተሰጠው ቅደም ተከተል ማግኘት አለበት፤ ቀድሞ የጨረሰ ያሸንፋል። ጥቅሙ ውሳኔ የሚጠይቀው ጥቂት መሆኑ ነው፦ ቀጣዩ ነጥብ የት እንዳለ ታውቃላችሁ፣ የቀረው የምትሄዱበት መንገድ ብቻ ነው። ጉዳቱ ግን ከባድ ነው። አንዷ ነጥብ ጠፍታባችሁ አንድ ሰዓት ከባከናችሁ ያን ሰዓት የምታካክሱበት መንገድ የለም፤ በመለወጫ ጣቢያዎች ላይ የተቀመጠ የጊዜ ገደብ ካለፈባችሁ ደግሞ ከውድድሩ ልትታገዱ ወይም ወደ አጭሩ መንገድ ልትዛወሩ ትችላላችሁ።

በነጥብ ለቀማ ጊዜው የተወሰነ ነው፤ ቡድኑ በዚያ ጊዜ ውስጥ የፈለገውን ያህል ነጥብ በፈለገው ቅደም ተከተል ሰብስቦ ይመለሳል። ሩቅና አስቸጋሪ የሆኑት ነጥቦች ዋጋቸው ከፍ ይላል። የዚህ አሠራር አባት እ.ኤ.አ. በ1976 በአውስትራሊያ ስሙን ያገኘው ሮጌይን ነው፤ ስሙ ራሱ ከሦስቱ ጀማሪዎቹ፣ ከሮድ፣ ከጌይልና ከኒይል ስሞች የተገጣጠመ ነው። ሮጌይን በእግር ብቻ የሚካሄድና በሙሉ ይዘቱ 24 ሰዓት የሚፈጅ ሲሆን፣ ከሁለት እስከ አምስት የሚደርሱት የቡድን አባላት ያለ መሣሪያ በድምፅ ሊነጋገሩ ከሚችሉበት ርቀት መራቅ አይፈቀድላቸውም። ብስክሌትና ጀልባ ያላቸው ብዙ የአንድ ቀን ውድድሮች ከዚሁ አሠራር ወስደዋል።

ነጥብ ለቀማ ለተለያየ አቅም ቡድን እጅግ ይመቻል። አንዱ አባል ከሰዓት በኋላ ቢዝል ዕቅዱን ታሳጥራላችሁ እንጂ ውድድሩ አይበላሽባችሁም። መድረሻችሁም ውጤታችሁም የእናንተ ይሆናል። ነገር ግን ይህ ነፃነት ወጥመድም አለው። መዘግየት በየደቂቃው ነጥብ ያስቀንሳል፤ በብዙ ሮጌይኖች አሥር ነጥብ በደቂቃ ነው፣ ከ30 ደቂቃ በላይ ከዘገያችሁ ደግሞ ውጤቱ ይሰረዛል። ስለዚህ በየሰዓቱ «እንቀጥል ወይስ እንመለስ?» የሚለው ጥያቄ ይነሣል፤ ደክሞት «እንመለስ» ለማለት የሚያፍር አባል ያለበት ቡድን በዚህ ዓይነቱ ውድድር ይጎዳል። ለመጀመሪያ ጊዜ የምትወዳደሩ ከሆነ ምርጫዬ ነጥብ ለቀማ ነው፤ ግን የመመለሻውን ሰዓት ከመነሣታችሁ በፊት ካርታው ጠርዝ ላይ በማይለቅ ቀለም ጻፉት። ድካም ሲመጣ በአፍ የተባለ ነገር ይረሳል።

ስንት ሰዓት

ከሦስት እስከ ስድስት ሰዓት የሚፈጁ አጫጭር ውድድሮች፣ ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት የሚፈጁ መካከለኞችና የ24 ሰዓት ውድድሮች አሉ። ሦስቱም «የአንድ ቀን» ይባላሉ፣ ግን አንድ አይደሉም።

የስድስት ሰዓቱ ስህተትን ይምራል። ትንሽ ብትበሉም፣ ጫማችሁ ትንሽ ቢቆረቁርም፣ ተጨቃጭቃችሁም ቢሆን ትጨርሳላችሁ። በአሥራ ሁለት ሰዓት ውድድር ግን አመጋገብ ራሱን የቻለ ችሎታ ይሆናል፤ ጠዋት ያልተበላው ከሰዓት በኋላ ዕዳው ይመጣል፤ መጨረሻውም ብዙ ጊዜ በጨለማ ነው። የ24 ሰዓቱ ሌላ ዓለም ነው። ቀን አምስት ደቂቃ የፈጀች ነጥብ ሌሊት አርባ ደቂቃ ልትፈጅ ትችላለች፤ ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋት ባለው ጊዜ ቀን ላይ ደስተኛ የነበረው ሰው ድንገት ዝም ይላል፣ ይበርደዋል፣ ቀላል ድምር ያቅተዋል። አብራችሁ በሌሊት ካርታ ይዛችሁ ወጥታችሁ ካላወቃችሁ 24 ሰዓቱን ለሚቀጥለው ዓመት ተዉት። ሩቅ አሳቢ ቅርብ አዳሪ እንዳይሆን ነው።

ርዝመቱን የምትለኩበት ቀላል ዘዴ አለ። ከእናንተ መካከል ልምዱ ያነሰው ሰው ያለ ጭንቀት ከቤት ውጭ በእንቅስቃሴ የዋለበትን ረጅሙን ጊዜ ጠይቁት። አምስት ሰዓት ካለ የስድስት ወይም የስምንት ሰዓት ውድድር ይበቃችኋል። ጠንካራው አባል አጠረብኝ ብሎ ቅር ቢለው ካርታውንም የጋራውን ዕቃም እሱ ይሸከም፤ ቀኑ ይረዝምለታል።

ሁለት፣ ሦስት ወይስ አራት

ሁለት ሆኖ መወዳደር ፈጣን ነው። ውሳኔ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልቃል፣ የሁለት ሰው ካያክ ይበቃል፣ መለወጫ ጣቢያ ላይ የሚጠበቅ ሰው አይበዛም። ነገር ግን አንዱ ቢጎዳ ሌላው ወይ ጥሎት ሄዶ እርዳታ መጥራት ወይ አብሮት መቀመጥ አለበት። ሁለት ሰዎች ሲኳረፉም አስታራቂ የለም፤ ያኔ ቀኑ በጣም ይረዝማል።

አራት ሆኖ፣ ወንድና ሴት ተቀላቅሎ መወዳደር በዓለም አቀፉ የጀብዱ ውድድር ተከታታይ የተለመደው ቅርጽ ነው፤ ወደ ትልልቆቹ ውድድሮች መድረስ የሚፈልግ ቡድን ቀድሞ ቢለምደው ይጠቀማል። ሸክም ይከፋፈላል፣ አንዱ ሲደክም ሦስት ረዳት ያገኛል። በተቃራኒው አራት ሰው ማለት አራት ብስክሌት፣ አራት ሆድ፣ አራት የጫማ ማሰሪያ ነው። እያንዳንዱ ሰው በየሰዓቱ አንድ ጊዜ ለሁለት ደቂቃ ቢያስቆም በአሥራ ሁለት ሰዓት ውስጥ 96 ደቂቃ ቆማችሁ ዋላችሁ ማለት ነው። ሁለቱ ብቻ ቢሆኑ 48 ነበር።

ለጀማሪዎች ሦስትን እመርጣለሁ። አንዱ ቢጎዳ አንዱ አብሮት ይቀራል፣ አንዱ እርዳታ ይጠራል፤ ሐሳብ ሲለያይም ሦስተኛው ይዳኛል። የሦስት ሰው ችግሩ ጀልባ ነው፤ ካያክ ብዙውን ጊዜ የአንድ ወይም የሁለት ሰው ስለሆነ ሦስት የሚይዝ ታንኳ ይኖር እንደሆነ ከመመዝገባችሁ በፊት አዘጋጆቹን ጠይቁ። የሦስት ሰው ምድብ የሌላቸው ውድድሮችም አሉ።

ከማን ጋር

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ደረስን። ሁለት ዓይነት አጋር ቀርቦላችሁ እንበል። አንደኛው በሩጫ የታወቀ፣ ግን ሲሸነፍ ፊቱ የሚጠቁር ሰው ነው። ሁለተኛዋ መካከለኛ ጉልበት ያላት፣ ሲበርዳት በረደኝ፣ ሲርባት ራበኝ የምትል ናት። ሳላመነታ ሁለተኛዋን እመርጣለሁ። ምክንያቱን በራሴ ጥፋት ተምሬዋለሁ።

አንድ ጊዜ በአሥራ ሁለት ሰዓት የነጥብ ለቀማ ውድድር ሦስት ሆነን ተሰለፍን። ካርታው በእኔ እጅ ነበር። አሥረኛው ሰዓት ላይ ከኮረብታው ጀርባ እያንዳንዳቸው 80 የሚያወጡ ሁለት ነጥቦች ቀርተውን ነበር። አንዱ ጓደኛችን «እንሂድ» አለ፣ እኔም ተስማማሁ። ሦስተኛዋ ምንም አላለችም፤ ዝምታዋን እንደ እሺታ ቆጠርኩት። ሁለተኛውን ነጥብ አስመዝግበን ስንዞር የብስኩት መጠቅለያ ለመክፈት ስትታገል አየኋት። ጣቶቿ አልታዘዝ አሏት፤ በጥርሷ ያዘችው፣ ጎተተችው፣ ከዚያም ሳትከፍተው መልሳ ኪሷ ከተተችው። ያኔ ነው የገባኝ። ላብ ባራሰው ልብሷ ላይ ነፋስ ሲመታት ከአንድ ሰዓት በላይ ሆኗል፤ ጃኬቷ ቦርሳዋ ሥር ነው፤ እሱን ለማውጣት «ቁሙልኝ» ማለት ከብዷታል። ጃኬት አለበስናት፣ ጣፋጭ ነገር አበላናት፣ ቀስ ብለን ወረድን። 160 ነጥብ ለማግኘት ሄደን 17 ደቂቃ ዘገየንና 170 ተቀነሰብን። እኔን ግን የቆጨኝ ነጥቡ አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ «ደህና ነሽ? ደህና ነህ?» ብዬ አልጠይቅም፤ የደከመ ሰው ሁሉ «ደህና ነኝ» ይላል። በምትኩ በየግማሽ ሰዓቱ እያንዳንዱን በስሙ ጠርቼ የመጨረሻ የበላው ምን እንደሆነና መቼ እንደሆነ፣ ውኃ ስንት እንደቀረው እጠይቃለሁ። መልሱ ሲዘገይ ወይም ሲያጥር እንቆማለን። አጋር ስትመርጡም ይህን ፈትኑ፦ ለአምስት ስድስት ሰዓት አብራችሁ ውጡ፣ በተቻለ መጠን ዝናብ ባለበት ቀን፤ ሰውዬው ሲቸገር ይናገራል ወይስ ይደብቃል? የሚደብቅ ከሆነ ጉልበቱ አይጠቅማችሁም።

ዓላማችሁም አንድ ይሁን። ለማሸነፍ የመጣና ለመጨረስ የመጣ ሰው በአንድ ቡድን ሲሆኑ ሁለቱም ተከፍተው ይመለሳሉ። ይህን ከመመዝገብ በፊት በግልጽ ተነጋገሩበት።

አንድ ካርታ ያዥ ወይስ ሁለት

አንድ ሰው ብቻ ሲመራ ፍጥነት አለ፣ ጭቅጭቅ የለም። ግን እሱ ሲሳሳት ሁሉም ተከትሎት ይሳሳታል፤ ሲደክመው ደግሞ መጀመሪያ የሚጠፋው ማስተዋሉ ነው። ሁለት ሲሆኑ አንዱ አውራ ጣቱን ያሉበት ቦታ ላይ አድርጎ ካርታውን ከመሬቱ ጋር እያዞረ ይመራል፣ ሌላው ርቀቱን ይቆጥራል፣ ከነጥቡ ካለፉም «አልፈናል» ይላል። ሁለተኛው ሰው የመጨረሻ ውሳኔ አይሰጥም፤ ሥራው መጠራጠር ብቻ ነው። ይህ ክፍፍል ቡድናችንን ከብዙ መባከን አድኗል። አዘጋጆቹ አንድ ካርታ ብቻ ከሰጡም ሚናውን መከፋፈል ይቻላል።

መንገድ ስትመርጡ ደግሞ በቀጥታ ኮረብታውን እንውጣ ወይስ እንዙረው የሚለው ሁልጊዜ ይነሣል። ስኮትላንዳዊው ተራራ ወጪ ዊሊያም ኔይስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1892 ያስቀመጠው ስሌት እስከ ዛሬ ያገለግላል፦ ለእያንዳንዱ 5 ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት፣ ለእያንዳንዱ 600 ሜትር ዳገት ተጨማሪ አንድ ሰዓት። 3 ኪሎ ሜትር ሆኖ 300 ሜትር የሚወጣው ቀጥታ መንገድ 66 ደቂቃ ይፈጃል፤ 5 ኪሎ ሜትር ሆኖ ሜዳ የሆነው ዙሪያ 60 ደቂቃ። በካርታ ላይ አጭር የሚመስለው ረዘመ ማለት ነው። ዳገቱ ደግሞ ደካማውን አባል ከሁሉም በላይ ስለሚበላው ልዩነቱ ተቀራራቢ ሲሆን ዙሪያውን ያዙ። ርቀት ስትለኩ የካርታውን መጠን (ስኬል) አትርሱ፦ በ1፡25,000 ካርታ ላይ 4 ሴንቲ ሜትር አንድ ኪሎ ሜትር ነው፣ በ1፡50,000 ደግሞ 2 ሴንቲ ሜትር። አንዳንድ ውድድሮች በአንድ ቀን ሁለቱንም ይሰጣሉ፤ ካርታ በተቀየረ ቁጥር መጠኑን ጮክ ብላችሁ አንብቡ።

ስለ ዕቃ ጥቂት

ብስክሌታችሁ የመንገዱን ንረት የሚቀንስ የኋላ መምጠጫ ባይኖረውም ይበቃል፤ ቀለል ይላል፣ ለመጠገንም አይከብድም። ጫማ ላይ የሚቆለፍ ፔዳል በረጅም ብስክሌት ጉዞ ጉልበት ያተርፋል፤ ጠፍጣፋ ፔዳል ደግሞ በሩጫ ጫማ ስለሚነዳ ጫማ መቀየር አያስፈልግም። የብስክሌቱ ክፍል ከሁለት ሰዓት የማይበልጥና መለወጫው የበዛ ከሆነ ጠፍጣፋውን ምረጡ። ጀልባ ላይ ደካማ ቀዛፊ ከፊት፣ ጠንካራውና መሪው ከኋላ ይቀመጡ። ግዴታ የሆኑትን እንደ ፊሽካ፣ የአደጋ ብርድ ልብስ፣ የግንባር ባትሪ፣ የመጀመሪያ እርዳታ ዕቃና ዝናብ የማያስገባ ጃኬት ሳታጓድሉ ያዙ፤ ጃኬቱን ግን ከሁሉም በላይ አስቀምጡት፣ ከላይ በነገርኳችሁ ምክንያት።

መጎተቻ ላስቲክን ብዙ ጀማሪዎች እንደ ውርደት ያዩታል። ከጠንካራው ቦርሳ ወይም ብስክሌት ጋር የታሰረ አንድ ሜትር ተኩል ላስቲክ ዳገት ላይ የሁለት ሰዎችን ጉልበት ያስተካክላል፤ ልምድ ያላቸው ቡድኖች ከመጀመሪያው ሰዓት ጀምረው ይጠቀሙበታል። ከላስቲኩ ይልቅ ሸክም ማካፈልን የሚመርጡም አሉ። ሁለቱንም ሞክረናል፤ በእግር ዳገት ላይ ቦርሳ መቀበል፣ በብስክሌት ላይ ላስቲክ ይሻላል።

ምግብን በተመለከተ በሰዓት ከ30 እስከ 60 ግራም ካርቦሃይድሬት የተለመደ መነሻ ነው፤ ከዚያ በላይ፣ እስከ 90 ግራም፣ ሆዱን በልምምድ ላስለመደ ሰው ነው። ጣፋጭ ብቻ ከያዛችሁ ከአምስት ሰዓት በኋላ ይሰለቻችኋል፤ ጨው ያለበት ድንች ወይም ዳቦ ጨምሩ። ውኃ ብቻ አብዝቶ መጠጣትም በደም ውስጥ ያለውን ጨው ያሳንሳልና በጥማታችሁ ልክ ጠጡ።

የመጨረሻው ምርጫ መቼ እንደምታቋርጡ ነው፤ እሱም በመነሻው ቀን ሳይሆን በፊት መወሰን አለበት። በእኛ ቡድን ማንኛውም ሰው «በቃኝ» ካለ ለ15 ደቂቃ ቆመን እናበላዋለን፣ እናሞቀዋለን፣ ከዚያ እንደገና እንጠይቀዋለን፤ መልሱ ካልተለወጠ ማንም ሳይከራከር ወደ ቅርቡ መንገድ እንወጣለን። ስታቋርጡ በቀጥታ ወደ ቤት አትሂዱ። ወደ መድረሻው ሄዳችሁ ወይም በተሰጣችሁ የአደጋ ስልክ ደውላችሁ ሁላችሁም በደህና መውጣታችሁን ለአዘጋጆቹ አስመዝግቡ፤ ካላሳወቃችሁ እናንተ ስትተኙ ሌሎች ሰዎች በጨለማ ጫካ ውስጥ እናንተን ሲፈልጉ ያድራሉ።